ሙከሚል ሰይድ፣ ሙከሚል ዐብዱ

ሰቢሃ የሟቹን ሸሚዞች አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ እየዘረጋች የላላ ቁልፋቸውን ታጠብቅ ነበር። መርፌዋን ከውስጥ ወደ ውጭ አራት ጊዜ ታመላልሳለች፣ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች፣ ሸሚዙን አጥፋ ከጎኗ ትከምራለች። ልብሱ ለሰደቃ የሚሰጥ ነው። ቁልፉ ሊረግፍ የደረሰ ልብስ ለሰው መስጠት ለእሷ ነውር ነው። ሰባቱን ጨርሳለች፣ ሦስት ቀርቷታል። የሁሉም የቀኝ እጅጌ ጫፍ የጠመኔ አቧራ ይዟል፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም።

ሟቹ ሙከሚል ይባላል። ለንደን ውስጥ፣ ስቶክዌል ባለው በዚህ ከመንግሥት በተከራዩት የካውንስል ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ከእሷ ጋር ኖሯል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ጎረቤቱም መስጊዱም የሰቢሃ የበኩር ልጅ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ፓስፖርቱም ሙከሚል ዐብዱ ይላል፣ በባሏ በዐብዱ ስም። እውነቱ ግን የታላቅ እህቷ ልጅ ነው፤ አባቱም ሰይድ ነው። ዐብዱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋልና ይህን የሚያውቁ በሕይወት የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ከሆዷ የወጣው አልአሚን።

ዊጅዳን የመጣችው ስምንተኛውን ሸሚዝ ስትጀምር ነው። ዊጅዳን ዊልስደን ተወልዳ ያደገች፣ የዶክትሬት ሥራዋን በሙከሚል እጅ የሠራች፣ አሁን በተራዋ የምታስተምር ልጅ ናት። አማርኛዋን የተማረችው ከእናቷ ጓዳ ነው፤ ሲቸግራት በእንግሊዝኛ ትጠግነዋለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ሰቢሃን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት፣ ከዚያ የመጣችበትን ነገር ለመናገር ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጨነቃት።

የመጣችበት ነገር ይህ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከአንድ ወር በኋላ ለሙከሚል የመታሰቢያ ቀን ያደርጋል፤ የሕይወት ታሪኩና የሥራዎቹ ዝርዝር ያለበት ትንሽ መጽሐፍም ይታተማል። የምታዘጋጀው እሷ ናት። ነገር ግን የሙከሚል ባልደረባ የነበረ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር በትምህርት ክፍሉ ጋዜጣ ላይ ቀድሞ ጽሑፍ አውጥቷል።

«ሶሪ እማማ ሰቢሃ፣ ይሄን ለእርስዎ ማንበብ አልነበረብኝም።»

«አንብቢው» አለቻት ሰቢሃ። «ስለሱ ከሆነ ክፉውንም ልስማው።»

ዊጅዳን ከስልኳ ላይ እያየች ቀስ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችላት። ሙከሚል ዐብዱ ደግና ትጉህ አስተማሪ ነበር ይላል። የሥራ ዘመኑን ሁሉ ያሳለፈው ግን በሌላ ሰው ሐሳብ ጥላ ሥር ነው። ሰይድ የሚባል አንድ የአዲስ አበባ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ጽሑፍ ጽፎ የገባበት ጠፋ፤ ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው «የሰይድ ገደብ» የወጣው ከዚያች ጽሑፍ ነው። ሙከሚል ያችን ጽሑፍ ሲያብራራና ሲያርም አረጀ። የራሱ የሚባል ሐሳብ አልነበረውም።

ሰቢሃ ሸሚዙን አጠፈችው። ተመልሳ ዘረጋችው።

«እኔ ይሄን አልቀበልም» አለች ዊጅዳን። «ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ሰይድ ማነው ስለው ይስቅ ነበር። ዘመዳችሁ ነው እንዴ? የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ ፕሊስ።»

የምታውቀው ነገር ነበር። ሰይድ የተባለው ሰው ያው ሙከሚል ነው። ይህ ካልተነገረ ሙከሚል በሰው ሐሳብ ኖሮ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል። ለመናገር ደግሞ አፏ በመሐላ የታሰረ ነው። «ሐሙስ ተመለሺ» አለቻት።

ነገሩ የሚጀምረው ደሴ ነው። የሙከሚል አባት ሰይድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። እናቱ እሱ አራት ዓመት ሳይሞላው ስለሞተች ያሳደጉት አባቱና አክስቱ ሰቢሃ ናቸው። አባቱ የቆመ ሰዓት ሲሰጠው ከመጠገኑ ይልቅ ለምን እንደቆመ መጠየቅ የሚወድ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ተማረ፣ ተመረቀ፣ እዚያው ረዳት አስተማሪ ሆኖ ቀረ። በትርፍ ጊዜው ያሰበውን ነገር በአሥራ አንድ ገጽ ጽፎ ወደ ውጭ አገር መጽሔት በፖስታ ላከው። ተቀብለነዋል የሚል ደብዳቤ ሲመጣለት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጊዜው ግን ክፉ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ወታደር ማሠልጠኛ ይጫን ጀመር። ሙከሚል ዲግሪውንና ያችን ደብዳቤ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባ፣ አክስቱ ዘንድ።

ሰቢሃ በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመት ከሆነው ከአልአሚን ጋር ናይሮቢ ተቀምጣ፣ ቀድሞ ለንደን የገባው ባሏ ዐብዱ እስኪያስመጣት ትጠብቅ ነበር። የመግቢያ ፈቃዱ ፎርም መጣ። ፊደል አታውቅም ነበርና ለስደተኛው ሁሉ ፎርም የሚሞላ አንድ ያገሯ ሰው ዘንድ ወሰደችው። ሰውየው ብዕሩን ይዞ ልጆችሽ ስንት ናቸው ብሎ ጠየቃት። «ሁለት» አለችው።

ቃሏ ይህች ብቻ ናት። እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ሚስትና ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ስለሆኑ ሙከሚል የዐብዱ ልጅ ሆነ፣ ዕድሜውም ከሃያ ሁለት ወደ አሥራ ሰባት ወረደ። ዐብዱም በስልክ ሲነገረው የሰቢሃ እህት ልጅ የኔም ልጅ ነው አለ። በዚያ ዘመን ዕድሜ የቀነሰ፣ የእህቱን ልጅ ልጄ ያለ ብዙ ነው። ሰውን ከጥይት ለማትረፍ ነውና እንደ ውሸት የሚቆጥረው አልነበረም።

በበረራው ዋዜማ ሰቢሃን አንድ ሐሳብ ያዛት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከነዲግሪው ኤርፖርት ላይ ቢፈተሽስ? ሙከሚልም አስቦበት ነበር፤ ለአባቴ ወደ ደሴ በፖስታ እልከዋለሁ፣ ኤንቨሎፕ ገዝቼ እስክመጣ ጠብቂኝ ብሏት ወጣ። አልጠበቀችውም። ደጅ ላይ የፖሊስ መኪና ሲያልፍ ሰማች፣ ዲግሪውንም ደብዳቤውንም ከሰል ላይ ጣለቻቸው። ሙከሚል ኤንቨሎፑን ይዞ ሲመለስ አመዱን አየ፣ እሷን አየ። «ግድ የለም እትዬ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ትንሹ አልአሚን ሰው ፊት እንዳይሳሳት ሲባል፣ ቤት ውስጥም ሳይቀር «እማ» ይላት ጀመር።

ለንደን ገብቶ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ጋር ኮሌጅ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ላይ ለሌሎች ያስተምረው የነበረውን ከሀ ጀምሮ ተማረ። አስተማሪዎቹ በጣም ሲደነቁበት ፈራና አንዳንዱን ጥያቄ ሆን ብሎ ይስት ጀመር። አባቱ ደሴ ላይ ሲሞትም ለቅሶ መቀመጥ አልቻለም። በወረቀት አባቱ ዐብዱ ነው፣ ዐብዱ ደግሞ እዚያው ሳሎን ቁጭ ብሏል። ጎረቤት ማን ሞተብህ ሲለው «አጎቴ» አለ።

ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ የኩሽናው በር ላይ ቆመ። «ወጥቷል» አላት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሔቱን አግኝቶታል፤ አሥራ አንዱም ገጽ ታትሟል። በዚያ መጽሔት ወግ የጸሐፊው የራሱ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፋል፣ በሙሉ የሚወጣው የአባት ስም ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ ያለው «ኤም. ሰይድ» የሚል ነው። ሰቢሃ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ሙከሚል በመዳፉ ከደነው፣ ድምፅዋ መዳፉ ውስጥ ቀረ።

ሐሳቡ ምን እንደሆነ ያስረዳት በአውቶቡስ ነው። ሰው አንድ በአንድ ቀስ ብሎ ሲገባ ሁሉም ወንበር ያገኛል። ባንዴ ከተጋፋ ግን ውስጥ ወንበር ባዶ እያለ በሩ ጋ ተጣብቆ ይቀራል። የቀለጠ ነገርም ሲቀዘቅዝ እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ቅንጣቶቹ ተራቸውን ይዘው ይደረደራሉ፤ ተጣድፎ ከቀዘቀዘ እያንዳንዱ በደረሰበት ይደርቃል። ብርጭቆ ማለት እንዲህ ቦታውን ሳያገኝ የደረቀ ነገር ነው አላት። እሱ ያሰላው ያ መጣበቅ ከየት ላይ እንደሚጀምር ነው። ሌሎች ሊቃውንት ስሌቱን ሲጠቀሙበት ስም አወጡለት፤ የሰይድ ገደብ አሉት።

«የኔ ስም አይደለም እኮ፣ የአባባ ነው» ይላት ነበር። «ሰዓት ጠጋኙ ሰይድ በየዩኒቨርሲቲው ይጠራል። እኔ ምን ጎደለብኝ?»

ጎድሎበታል። የዶክትሬቱን ሥራ የሠራው በዚያው ጉዳይ ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ለመጀመር ሞክሮ ልቡ እንቢ አለው። በጻፈው ሁሉ የገዛ ሥራውን እንደ ባዕድ ሥራ አድርጎ ይጠቅሳል። በልጅነት ጽሑፉ ውስጥ አንድ ስሕተት ሲያገኝ ሰይድ እዚህ ላይ ተሳስቷል ብሎ ጽፎ አሳተመ፤ ባልደረቦቹ ለሙት ሰው ትንሽ ብታዝን ምናለበት ብለው ቀለዱበት። ቋሚ ሥራ ለማግኘት ለቃለ መጠይቅ በቀረበ ጊዜ ግን ቀልድ አልነበረም። ሥራህ ጥሩ ነው፣ መሠረቱ የሰይድ ነው፣ ያንተ የትኛው ነው አሉት። እውነት ነው፣ መሠረቱ የሰይድ ነው ብሎ መለሰ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እኔ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? በወረቀቱ መሠረት ያ ጽሑፍ ሲጻፍ አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቢያምኑትስ ፎርሙ ይወጣል፣ ፎርሙ ከወጣ ሰቢሃና ዐብዱ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሁለት ዓመት አንዱ ጋ፣ ሦስት ዓመት ሌላው ጋ በኮንትራት ሲዘዋወር ኖረ። በመጨረሻ የሚያስተምርበት ቦታ አገኘ፤ ፕሮፌሰር ሳይባል ሞተ።

አንድ ጊዜ እሷን ይዟት ሄዷል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ንግግር የሚያደርግበት ቀን ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እንግዳው ሰሌዳውን በቁጥር ሞልቶ ሲጨርስ፣ ያ ሰይድ የሚባለው ሰው በሕይወት ካለ እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል አለ። ሙከሚል ይህን በጆሮዋ ተረጎመላት። ሰቢሃ ጉልበቱን ቆነጠጠችው። እሱ ከሰዉ ጋር አጨበጨበ፤ ወደ ቤት ሲመለሱም ስለ ሌላ ነገር አወራት።

አላገባም። ሁለት ጊዜ ልጅ አይታለት ነበር። በእስልምና ሰው ከአባቱ በቀር በሌላ ስም መጠራቱ ከባድ ነገር ነው፤ ኒካህ ሲታሰር ደግሞ ሙሽራው ከነአባቱ ስም ይጠራል። «ሰይድ ካልኩ እናንተን አስይዛለሁ፣ ዐብዱ ካልኩ አባቴን እክዳለሁ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ሃምሳ ዓመት አልፏት ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ መጀመሪያ የአማርኛውን፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን። አዲስ ጽሑፍ ባሳተመ ቁጥር የመጨረሻውን ገጽ ትገልጥና የተጠቀሱትን ሰዎች ስም በጣቷ ትወርዳለች። ሰይድ የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። «ይኸው አለ» ትለዋለች። «የት ይሄዳል?» ይላታል። አንድ ቀን የጃፓን፣ የብራዚልና የህንድ ሰዎች የጻፏቸውን አመጣላት፤ በሁሉም ውስጥ አገኘችው። ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ ነው የዋሉት።

ሆስፒታል በተኛበት በመጨረሻው ሳምንት እጇን ይዞ አስማላት። አልአሚንም ክፍሉ ውስጥ ነበር። ስሞትም አትናገሪ፣ አልአሚን ልጆች አሉት፣ በዚያ ፎርም የመጣ ሁሉ ይነካል አላት። «ወላሂ» አለች። «እግዜር ይስጥሽ እትዬ» አላት፤ ከናይሮቢ በፊት ይጠራት የነበረው ስም የተመለሰላት መሰላት።

ዊጅዳን የመጣችው ሰኞ ነው። ሰቢሃ ሦስቱን ሸሚዞች ሳትጨርስ አደረች።

የማሉትን ማፍረስ ከባድ ነው፣ ግን መካሻ አለው፤ ከፋራ ይባላል፣ አሥር ድሃ ማብላት ነው። ማክሰኞ ገበያ ወጣች። ረቡዕ አሥር ሰው የሚያጠግብ ሩዝና ሥጋ ሠርታ፣ በየሳህኑ ጠቅልላ፣ በምትጎትተው የገበያ ጋሪዋ መስጊድ ወስዳ በእጇ አደለች። መስጊድ ውስጥ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የለም። አንድ ወዳጁ ለአልአሚን ደውሎ፣ እናትህ ከፋራ እያበላች ነው፣ ምን ምላ ነው ብሎ ሳቀ። የትኛው መሐላ እንደሆነ አልአሚን ወዲያው ገባው።

አልአሚን የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ።

«ለማን ልትነግሪ ነው?»

«ለዊጅዳን።»

«ዊጅዳን ትጽፈዋለች። የተጻፈ ነገር ኢሚግሬሽን፣ ሆም ኦፊስ ይደርሳል።»

«ይድረስ።»

«አንቺ ሰባ ሊሞላሽ ነው፣ ይድረስ ትያለሽ። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ነገ ፓስፖርታችሁን ቼክ እናድርግ ቢሉንስ? ሙከሚል እኮ ሞቷል፣ እማ። አሁን ቢነገር ለማን ነው?»

ቁጭ በል አለችው፤ አልተቀመጠም። ያንተ ስም እውነት ነው፣ ዕድሜህም እውነት ነው፣ የሚጠየቅ ካለ ሁለት ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ አለችው። ከዚያ ፕሮፌሰሩ የጻፈውን ነገረችው።

«የራሱ ሐሳብ አልነበረውም ብለውታል። ሌባ ነው ለማለት ምን ቀራቸው?»

«እሱ ራሱ ተይው ብሎሻል። የሱን ቃል አፍርሰሽ ለሱ ልትቆሚ ነው?»

አልአሚን የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፤ ቢያላትመው ይቀላት ነበር።

ሐሙስ ለዊጅዳን ሁሉንም ነገረቻት፤ ደሴን፣ ፎርሙን፣ ከሰሉን። ዊጅዳን መጀመሪያ ማስታወሻ ትይዝ ነበር፣ ኋላ ብዕሩን አስቀመጠችው። ሙከሚል ክፍል ውስጥ የሰይድን ስሕተት ሰሌዳው ላይ ሲያሳያቸው የሚቀልደውን ቀልድ አስታወሰች። «እዚህ ጋ ሰይድ እንቅልፍ ወስዶታል ይለን ነበር» አለች። «ሁላችንም እንስቅ ነበር፣ እማማ። እኔም ስቄያለሁ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ስታበቃ ግን የተማረች ናትና መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች። እኔ አምኜዎታለሁ፣ እነሱ ግን ማስረጃ ይላሉ፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፎቶ፣ ምንም የለም? አለቻት። ሰቢሃ የነበረውን ምን እንዳደረገችው ነግራታለች።

ዊጅዳን ሦስት ሳምንት ፈለገች። ወደ አዲስ አበባ ጻፈች፤ የሙከሚል ሰይድ የተማሪነት ካርድ ተገኘ፣ የፎቶው ቦታ ላይ ያለው ግን የሙጫ ምልክት ብቻ ነው። ያስተማረው መምህር ሞቷል። መጽሔቱም በጨዋ ቃል መለሰ፤ ያለ ሰነድ የጸሐፊ ስም አንነካም አለ። በካርዱ ላይ ያለው ልደትና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ልደት በአምስት ዓመት ይለያያሉ፣ የአባትም ስም ለየቅል ነው። ያለው ወረቀት ሁሉ ቢደረደር የሚመሰክረው ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ነው። ሁለተኛውን ሰው የፈጠረችው ሰቢሃ ናት፣ በአንዲት ቃል።

የመታሰቢያው ቀን ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ያህል ሰው ነበር። ሰቢሃ ከፊት ተቀመጠች። ያስተማራቸው ልጆች እየተነሱ ተናገሩ፤ አንዱ ከግሪክ አገር ለዚህ ብሎ የመጣ ነው። ጥያቄ ስጽፍለት በማግሥቱ ይመልስልኝ ነበር፣ ግን መልሱን ሳይሆን መልሱ የተቀመጠበትን መንገድ ነበር የሚልክልኝ አለ። ሌላዋ፣ ዛሬ በራሴ ተማሪዎች ደብተር ላይ የማየው የእርማት ምልክት የእሱ ነው፣ ሳላውቀው ወርሼዋለሁ አለች። ዊጅዳን በጆሮዋ ስትተረጉምላት ሰቢሃ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ከዚያ ዊጅዳን ወጥታ የሕይወት ታሪኩን አነበበች፣ የሰይድንም ነገር ተናገረች። ያ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ፕሮፌሰር እጁን አነሣ። ሽበታም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም። ይህን ስሰማ ልቤ ተነክቷል፣ ግን የሚያሳይ ሰነድ ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀ። ዊጅዳን ወደ ሰቢሃ ዞራ ተረጎመችላት። ሰቢሃ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሣች።

«ወረቀት ነበር» አለች በአማርኛ። «እኔ አቃጠልኩት። ጠብቂኝ ብሎኝ ነበር፤ አልጠበቅኩትም።»

ዊጅዳን በእንግሊዝኛ ልትመልሰው ጀምራ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሁለተኛም ሞከረች፣ አልሆነላትም። ያን ጊዜ ከአዳራሹ መጨረሻ የወንድ ድምፅ ተሰማ። አልአሚን ነው፤ መቼ እንደገባ ሰቢሃ አላየችም። የሥራ ባጁ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሞ የእናቱን ቃል አንድም ሳያስቀር ተረጎመ። ከዚያ የራሱን ጨመረ። ምን እንዳለ ዊጅዳን ኋላ ነገረቻት።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አለ። «ሙከሚልን ወንድሜ፣ አባቱንም ዐብዱ ብዬ እንድጠራ ናይሮቢ ላይ ሁለት ሳምንት ተለማምጃለሁ። በተሳሳትኩ ቁጥር ከረሜላ እከለከል ነበር። እናቴ እውነቷን ነው። ይህን መናገሬ ችግር ካመጣ፣ ስሜ አልአሚን ዐብዱ ነው፣ አድራሻዬንም ልስጣችሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ፕሮፌሰሩ አመሰገነና ተቀመጠ። ሲወጡ ወደ ሰቢሃ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ብዙ ነገር ተናገረ። አልአሚን ሊተረጉምላት ሲል ተው አለችው።

መጽሐፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታትሞ መጣ። የሥራዎቹ ዝርዝር የሚጀምረው ከለንደን ነው። ከዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር አለች። ሰቢሃ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ተከተለቻት፤ ሰይድ የሚለውን አገኘችው፣ የቀረው ግን ከበዳት።

«"ቤተሰቡ እንደሚለው፣ የሰይድ ጽሑፍ የእሱ ነው" ይላል» አለቻት ዊጅዳን። «ከዚህ በላይ አልፈቀዱልኝም፣ እማማ። ተጣልቻቸዋለሁ።»

«ቤተሰቡ እንደሚለው» አለች ሰቢሃ። መጽሐፉን ዘጋችው።

ከመንግሥት እስካሁን የመጣ ነገር የለም። አልአሚን ግን ፖስታ በሩ ሥር በገባ ቁጥር ልጆቹን እንዳትነኩት ብሎ ራሱ ነው የሚያነሳው። እሑድ እሑድ እናቱ ዘንድ ይመጣል፤ ስለዚያ ቀን አያወሩም። የሰይድ ገደብ እንደ ድሮው ይማሩታል፣ ሰይድም በመጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት ጽሑፍ ጽፎ የጠፋ ሰው ነው።

ስለዚህ ሰቢሃ ይህን የምታነቡትን ሁሉ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ከልጆቻችሁ ወይም ከልጅ ልጆቻችሁ አንዱ ፊዚክስ የሚማር ቢሆን፣ አንድ ቀንም ደብተሩን ዘርግቶ ስለ ሰይድ ገደብ ቢያወራችሁ፣ ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። ሰይድ አባቱ ነው በሉት። ያሰበው ልጁ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ስሙም ሙከሚል ነው በሉት። ከየት አመጣችሁት፣ ማስረጃው የት አለ ቢላችሁ፣ ያቃጠለችው አክስቱ ነግራናለች በሉ።